ትልቅ ስም ወይስ የጨዋታ ሰዓት?
የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለሆነ ወጣት የኮሌጅ አመራረጥ

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ኡም ጋርጉር የሚባል የስደተኞች ሰፈር ይገኛል። ይህ ሰፈር ከኤርትራ በስደት ለመጡ ሰዎች በ1976 የተቋቋመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።) ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሰፈሩ ልጆች ተወልደው አድገዋል፤ እነርሱም በተራቸው ልጆች ወልደዋል። ከምሥራቅ ሱዳን ሰፈሮች ዕድል አግኝተው በባሕር ማዶ አገሮች የሠፈሩ ቤተ ሰቦችም አሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ የአንድ ልጅ ትምህርት የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወንድምና እኅት፣ አጎትና አክስት፣ ጎረቤትም ጭምር የሚመክርበት፣ የሚጨነቅበትና ተስፋ የሚያደርግበት ነገር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ብለን እናስብ። ከኡም ጋርጉር ወጥቶ በአሜሪካ የሠፈረ አንድ ቤተ ሰብ ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ስም አገኘ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ88 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ኳሱን እያነጠረ ጓደኞቹን የሚመራ፣ የሚያቀብልና ከሩቅ አነጣጥሮ ወደ ቅርጫቱ የሚጥል ልጅ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት ደብዳቤዎች ደረሱት። አንደኛው ስሙ በዓለም ከታወቀ ትልቅ ኮሌጅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤቱ እንኳ ስሙን ሰምቶት ከማያውቅ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሁለቱም የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። አባት ወደ ኡም ጋርጉር ስልክ ደውለው ታላቅ ወንድማቸውን «ጋሼ፣ የትኛውን ይምረጥ ይላሉ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ታላቅ ወንድምዬው ምን ብለው ይመልሱ ይሆን?

ብዙ ሰዎች ያለ ማመንታት «ትልቁን ይምረጥ እንጂ!» ብለው እንደሚመልሱ አንጠራጠርም። እኛ ግን ነገሩ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል እንላለን። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ኮንፈረንስ ምንድን ነው?

በአሜሪካ በመጀመሪያው ደረጃ የሚወዳደሩ ኮሌጆች 360 ያህል ናቸው። እነዚህም ከ30 በሚበልጡ ማኅበሮች ተከፋፍለዋል። ማኅበሩ ኮንፈረንስ ይባላል፤ በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ያሉ ኮሌጆች በየዓመቱ እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። ከእነዚህ መካከል እንደ ቢግ ቴን፣ እንደ አትላንቲክ ኮስት፣ እንደ ሳውዝ ኢስተርንና እንደ ቢግ 12 ያሉት ገንዘባቸው ብዙ፣ አዳራሻቸው ሰፊ፣ ጨዋታቸውም በቴሌቪዥን ዘወትር የሚታይ ነው። እንደ ቢግ ሳውዝ፣ እንደ ቢግ ስካይና እንደ ኦሃዮ ቫሊ ያሉት ደግሞ ታናናሾች ናቸው።

በየዓመቱ በመጋቢት ወር የኮሌጆች ታላቅ ውድድር ይደረጋል። ከ2011 ጀምሮ ይህ ውድድር በ68 ቡድኖች ሲካሄድ ቈይቷል። የየኮንፈረንሱ አሸናፊ ያለ ክርክር ይገባል፤ የቀሩትን ቦታዎች የሚሰጠው ግን አንድ የመራጮች ጉባኤ ነው። የትልቅና የትንሽ ኮንፈረንስ ልዩነት በጉልህ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ2025 ሳውዝ ኢስተርን ኮንፈረንስ ከ16 ኮሌጆቹ 14ቱን ወደ ውድድሩ አስገብቷል። ትንሹ ኮንፈረንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ያስገባል፤ ከዚህም የተነሣ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የቈየ ቡድን በመጨረሻው ቀን አንድ ጊዜ ቢሸነፍ ከታላቁ ውድድር ሊቀር ይችላል።

ጋርድ ከረጅም ሰው የሚለይበት

በቅርጫት ኳስ ጋርድ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ከኋላ አንሥቶ የሚያመጣ፣ ጨዋታውን የሚያደራጅ ወይም ከሩቅ የሚጥል ሰው ነው። ከቡድኑ ተጫዋቾች መካከል አብዛኛውን ጊዜ በቁመት የሚያንሰው እርሱ ነው። ስለዚህ የጋርድ ዕጣ ከረጃጅሞቹ ተጫዋቾች ዕጣ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ለዚህ ነገር ከዚያው ከሱዳን ምድር የወጣውን የማኑት ቦልን ታሪክ ምሳሌ እናድርግ። ማኑት ቦል ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር ነበረ። በአሜሪካ የተጫወተው በሁለተኛው ደረጃ በሚገኘው በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1985 የዋሽንግተን ቡድን መርጦ ወደ ታላቁ የባለሙያዎች ማኅበር፣ ማለት ወደ ኤን.ቢ.ኤ.፣ አስገባው። እንዲህ ያለ ቁመት የትም ቢደበቅ ይታያል፤ መልማዮቹ ራሳቸው እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ይመጡለታል።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 የሆነ ልጅ ግን በዓለም ላይ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቢጤ አለው። እርሱን ከቢጤዎቹ የሚለየው ነገር በሜትር የሚለካ አይደለም። ኳስ በእጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ይደነግጣል ወይስ ይረጋጋል? የተሳሳተውን ጓደኛውን ያበረታታል ወይስ ይቈጣል? እነዚህ ሁሉ የሚታዩት ሲጫወት ብቻ ነው። በተቀያሪዎች ወንበር ላይ የተቀመጠ ጋርድ፣ ወንበሩ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ችሎታውን ለማንም ሊያሳይ አይችልም።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። በሜዳው ላይ አምስት ሰዎች ስላሉ፣ አንድ ቡድን የሚያካፍለው በጠቅላላው 200 የጨዋታ ደቂቃ ነው። ለሁለቱ የጋርድ ቦታዎች የሚደርሰው 80 ደቂቃ ይሆናል። በአንድ ትልቅ ኮሌጅ ውስጥ ለነዚህ 80 ደቂቃዎች አምስትና ስድስት የተመረጡ ወጣቶች ቢሽቀዳደሙ፣ አዲስ ለሚመጣው ልጅ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

የትልቁ ኮንፈረንስ ጥቅም

ይህን ስንል ትልቁን ኮንፈረንስ ለማቃለል አይደለም። ለኤን.ቢ.ኤ. ከሚመረጡት የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች የሚበዙት ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች የወጡ ናቸው። እዚያ ተቃዋሚው ፈጣንና ብርቱ ስለሆነ፣ በእርሱ ፊት መልካም የተጫወተ ወጣት በእውነት መልካም መሆኑን መልማዩ ያምናል። በትንሽ ኮንፈረንስ ብዙ ነጥብ ያስቈጠረ ልጅ ግን «ያስቈጠረው በማን ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

በዋው ከተማ ተወልዶ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ግብፅ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር የተሰደደው ሉዎል ዴንግ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ በ2004 በምርጫው ሰባተኛ ሆኖ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ገብቷል። ነገር ግን ሉዎል ዴንግ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ የፊት መሥመር ተጫዋች እንጂ ጋርድ እንዳልነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

ለጋርዱ ልጅ ይበልጥ የሚቀርበው የፒተር ጆክ ታሪክ ነው። ፒተር ጆክ በካርቱም የተወለደ፣ በልጅነቱም ከቤተ ሰቡ ጋር ተሰዶ በአሜሪካ የአይዋ ክፍለ ግዛት ያደገ ጋርድ ነው። በቢግ ቴን ኮንፈረንስ በሚወዳደረው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫወተ፤ በመጨረሻው ዓመት፣ ማለት በ2016–17፣ በአማካይ በየጨዋታው 19.9 ነጥብ እያስቈጠረ ኮንፈረንሱን መራ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን አለ? ዳሩ ግን በ2017 ምርጫ ሲደረግ ስሙ አልተጠራም። ትልቅ ኮንፈረንስ በሩን ያሳያል፤ ቁልፉን ግን ለማንም አስቀድሞ አይሰጥም።

ከትንሹ ኮንፈረንስ የወጡ

በአንጻሩ ደግሞ ከትንንሽ ኮንፈረንሶች ወጥተው ስማቸው ዓለምን ያዳረሰ ጋርዶች አሉ። ስቴፈን ከሪ አባቱ በኤን.ቢ.ኤ. የተጫወተ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ኮሌጆች ግን ቀጭንና አጭር ነው ብለው አልፈለጉትም። ስለዚህ በሳውዘርን ኮንፈረንስ ወደነበረው ወደ ዴቪድሰን ኮሌጅ ገባ። በ2008 ያን ትንሽ ኮሌጅ እየመራ ታላላቆቹን ጆርጅታውንንና ዊስኮንሲንን አሸንፎ እስከ ስምንቱ ቡድኖች ጨዋታ አደረሰው። በ2009 ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በኋላም በ2015 እና በ2016 የኤን.ቢ.ኤ. ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ዴሚያን ሊላርድ በቢግ ስካይ ኮንፈረንስ በዌበር ስቴት አራት ዓመት ቈይቶ በ2012 ስድስተኛ ሆኖ ተመርጧል። የጃ ሞራንት ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። በ2016 የመሪ ስቴት ረዳት አሠልጣኝ ሌላ ልጅ ለማየት ወደ አንድ የልምምድ ካምፕ ሄዶ ሳለ፣ የሚቀማመስ ነገር ለመግዛት ወጣ ቢል በጓሮው ሜዳ ሲጫወት በአጋጣሚ ያየው ልጅ ጃ ሞራንት ነበረ። በኦሃዮ ቫሊ ኮንፈረንስ በ2018–19 በአማካይ 24.5 ነጥብ እያስቈጠረና 10 ጊዜ ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ እያቀበለ ዓመቱን ጨረሰ፤ በ2019 ምርጫም ሁለተኛ ሆነ።

የእነዚህ ሦስት ሰዎች ታሪክ የሚያስተምረን ምንድን ነው? ትንሽ ኮሌጅ ሁሉ ኮከብ ያወጣል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ እነርሱ ከብዙ ሺህ መካከል የወጡ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሦስቱም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ኳሱ በእጃቸው እንዲሆን፣ ተሳስተውም እንዲማሩ የፈቀደላቸው ቡድን ማግኘታቸው ነው። ደግሞም ትንንሾቹ ኮሌጆች በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የኮንፈረንሱ ጨዋታ ሳይጀመር፣ ወደ ትልልቆቹ ኮሌጆች ሄደው ይጋጠማሉ። መልማዮች የትንሽ ኮሌጅ ጋርድን በትክክል የሚመዝኑት በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መንገድ

በቀድሞው ሕግ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ የተዛወረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። በ2021 ግን ለአንድ ጊዜ ሳይቀመጥ እንዲዛወር ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በሚገባ እስከ ተከታተለ ድረስ የአንድ ጊዜው ገደብ ተነሣ። ከዚህም የተነሣ «ትልቁ ወይስ ትንሹ?» የሚለው ጥያቄ «መጀመሪያ የትኛው?» ወደሚል ተለወጠ።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ለደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ጋርድ ካርሊክ ጆንስ ነው። በአሜሪካ ተወልዶ ያደገው ካርሊክ ጆንስ በመጀመሪያ በቢግ ሳውዝ ኮንፈረንስ በራድፎርድ ተጫውቶ በ2020 የኮንፈረንሱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ሉዊቪል ተዛውሮ በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጦች አንዱ ተባለ። በ2021 ምርጫ ግን ስሙ አልተጠራም። ተስፋ ሳይቈርጥ በኤን.ቢ.ኤ. ሥር ባለው በጂ ሊግ ተጫውቶ በ2023 የዚያ ሊግ ኮከብ ሆነ። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ደቡብ ሱዳንን መርቶ ለኦሊምፒክ አበቃ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ስታሸንፍ የቡድኑ መሪ እርሱ ነበረ።

ኑኒ ኦሞት ደግሞ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ የአኙዋክ ቤተ ሰብ ልጅ ሲሆን የተወለደው በኬንያ በስደት ነው። ምንም እንኳ ጋርድ ብቻ ሳይሆን በክንፍም የሚጫወት ቢሆን፣ መንገዱ ለጉዳያችን ትምህርት ይሰጣል። በመጀመሪያ በሁለተኛው ደረጃ ባለው በሚኒሶታው ኮንኮርዲያ፣ ቀጥሎ በአይዋ በሚገኘው በኢንዲያን ሂልስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ በመጨረሻም በቢግ 12 ኮንፈረንስ በቤይለር ተጫወተ። በኤን.ቢ.ኤ. ምርጫ ባይጠራም፣ በ2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ወስዶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ በፓሪስ ኦሊምፒክም ተሰልፏል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ያባቶች ምሳሌ በእርሱ ላይ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል።

ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት

ኤን.ቢ.ኤ. 30 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ቡድን 15 መደበኛ ተጫዋቾችና ከ2023 ጀምሮ እስከ ሦስት የሚደርሱ በሁለቱ ሊጎች የሚመላለሱ ተጫዋቾች ይይዛል። ስለዚህ ዓለም በሙሉ የሚሽቀዳደመው ለ540 ያህል ቦታዎች ነው። በ2023–24 አንድ የጂ ሊግ ተጫዋች ለዓመቱ ጨዋታ 40,500 ዶላር ያህል ሲያገኝ፣ በኤን.ቢ.ኤ. ዝቅተኛው የሙሉ ዓመት ደመወዝ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ የአውሮፓ፣ የእስያና የአፍሪካ ሊጎች አሉ፤ ብዙ ጋርዶች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከእነዚህ ነው።

ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ከ2025 ጀምሮም ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። በዚህ ረገድ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች እጅግ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ ለኛ አንባቢዎች አንድ ልዩነት አለ። በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝቶ በአሜሪካ የሠፈረ ልጅ የመሥራት ፈቃድ አለው፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ግን የመሥራት መብቱ ጠባብ ስለሆነ፣ ውል ሳይፈርም በፊት የሕግ ዐዋቂ ማማከር አለበት። አለዚያ የተማሪነት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

ከዚህም ሌላ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ለመጫወት የሚፈልግ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ የተማራቸውን 16 ዋና ዋና ትምህርቶች በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። በስደት ሰፈር ለተማረ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የትምህርት ቤት መዝገብ በጦርነትና በመንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ወላጆች ሁሉ የልጆቻቸውን የክፍል ውጤት ወረቀት በየዓመቱ እያስገለበጡ እንዲያስቀምጡ አጥብቀን እንመክራለን። በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩ ሹማምንትም አንዲት ማኅተም ለአንድ ልጅ የሕይወቱ በር ልትሆን እንደምትችል ቢያስቡ መልካም ነው።

የኮንፈረንስ ስም ራሱ ዘለዓለማዊ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ የነበረው ፓክ 12 ኮንፈረንስ በ2024 ከ12 ኮሌጆቹ 10ሩን በአንድ ጊዜ አጥቷል፤ አራቱ ወደ ቢግ ቴን፣ አራቱ ወደ ቢግ 12፣ ሁለቱ ወደ አትላንቲክ ኮስት ሄዱ። የኮንፈረንሱን ስም ብቻ አይቶ የተመዘገበ ልጅ ስሙን በነጋታው ሊያጣው ይችላል ማለት ነው።

ምን ይጠየቅ?

እንግዲህ ወላጅና ልጅ ከመፈረማቸው በፊት አሠልጣኙን እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

አንደኛ፦ በልጄ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ሰዎች አሉ? ከእነርሱስ በሚመጣው ዓመት የሚቀሩት ስንቱ ናቸው?

ሁለተኛ፦ ኳሱን በእጁ ይዞ ቡድኑን እንዲመራ ታስባላችሁን? ወይስ ጥግ ቆሞ እንዲጠብቅ?

ሦስተኛ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ከየትኞቹ ትልልቅ ኮሌጆች ጋር ትጋጠማላችሁ?

አራተኛ፦ ባለፉት ዓመታት ከእናንተ የወጡ ጋርዶች ዛሬ የት ይጫወታሉ? ስንቱስ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል?

አምስተኛ፦ ልጄ ጉልበቱ ቢጐዳ የነፃ ትምህርቱ ዕድል ይቀጥላልን? ይህስ በጽሑፍ ይሰጠናልን?

ትልቁ ኮሌጅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልካም መልስ ከሰጠ፣ ያለ ሥጋት ይግባ። ዝም ካለ ወይም በስሙ ብቻ ከተመካ ግን፣ የትንሹ ኮሌጅ ደብዳቤ እንደገና ይነበብ። በችኰላ የተደረገ ምርጫ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደተባለው ይሆናል።

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በኡም ጋርጉር ያሉት ታላቅ ወንድም በስልኩ እንዲህ ብለው ቢመልሱ ደስ ይለናል፦ «ወንድሜ ሆይ፣ ልጁ ሜዳ ላይ ወደሚቆምበት ኮሌጅ ይሂድ። ስሙ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ከበረታ ትልቁ ኮሌጅ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ኳሱ ቢሳካ እሰየው፤ ባይሳካም ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። እኛ ከዚህ ሰፈር ሆነን ተስፋ የምናደርገው በዝናው ብቻ አይደለም፤ ራሱን ችሎ፣ ተምሮ፣ ታናናሾቹን እንዲረዳ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።»